መፋቂያ ያደልኩባቸው ዓመታት

አሁን የምሠራው ኮልፌ ገበያ አጠገብ ባለ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጆቹ በቡድን ሆነው ለልክ ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ ጓደኞቹ እስኪወጡ ይጠብቅና ወደ ስፌት መኪናዬ ጠጋ ብሎ፣

«እህቴ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ኪስ ጨምሪልኝ» ይለኛል።

«ለምን?»

«ለስልክ።»

ይህን ሲለኝ ስልኩን በእጁ ይዞታል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የሚያሳየኝ ልክ ደግሞ የስልክ አይደለም፤ የሲጃራ ፓኬት ልክ ነው። ደሜ ይፈላል። ልጆችን ሲጃራ የማስተውበትን ሥራ ትቼ እዚህ መጣሁ፤ ሲጃራው ግን ተከትሎኝ መጥቶ ኪስ ያሰፋል።

አሠሪዬ «ይህን ያህል የሚያናድድሽ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ በአፌ ማስረዳት አልቻልኩም። ሰው ፊት ረጅም ነገር መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ስሜ ዘነበች ነው። በትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከጎጃም መጥቼ ኮልፌ አክስቴ ቤት ስገባ እንድማር ነበር የታሰበው፤ አክስቴ ስትታመም ግን ከትምህርቱ ሥራው ቀደመ። በኮልፌና በአየር ጤና መካከል ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፅዳት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልጽፍም። ልጆችን ሲጃራ የማስተው ሥራ ሲጨመርብኝም ደመወዙ ያው የመጥረጊያ ደመወዝ ነበር።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ጠዋት ጠርጌ እሄዳለሁ፤ ከረፍት በኋላ ስመለስ መሬቱ በሲጃራ ቁራጭ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። ከግቢው በር ፊት ለፊት አንድ ሱቅ በደረቴ ነበር። ደረቱ ላይ ባንጠለጠላት ሣጥን ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላና ሲጃራ በፍሬ ይሸጣል። በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው፤ ለልጅ መሸጥ ደግሞ የባሰ ክልክል ነው ይባላል። ሰውየው ግን ዝናብ ሲመጣ የሚጠለለው የእኛው ጥበቃ ቤት ውስጥ ነበር። ይህን ለአለቆቼ ልነግር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ትምህርት ቤቱ ዝም አላለም፤ ዝም ቢል ይሻል ነበር። ዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም የተማሪውን ሥርዓት የሚጠብቁት መምህር፣ ከረፍት የሚመለሱትን ልጆች በር ላይ አቁመው «ተንፍስ!» እያሉ አፋቸውን ያሸቱ ነበር። ልጆቹ ማስቲካ ማኘክ ጀመሩ። ማስቲካውን የሚሸጥላቸውም ያው ሱቅ በደረቴ ነው። ሌላ ጊዜ ባለሙያዎች መጥተው የጠቆረ ሳንባ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ሳንባውን የኳስ ግብ አድርገውት አገኘሁ። ግራው ሳንባ ላይ ያገባ አንድ፣ ቀኙ ላይ ያገባ ሁለት ይቆጠርለታል።

ሲስተር ጫልቱ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከጤና ጣቢያ ተመድበው በሳምንት ጥቂት ቀን የሚመጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ነርስ ነበሩ። የተሰበረ ዴስክ የሚከማችበትን ክፍል ሰጧቸው፤ ዴስኩን አውጥቼ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወለሉን ስወለውል ቆመው አዩኝና፣

«ሥራ ላግዝሽ ወይስ ታግዢኛለሽ?» አሉኝ።

መወልወያውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

«ልጆቹ ሲመጡ ውኃ የሚያቀርብ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አጠገባቸው ቁጭ የሚል ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ መናገር አልችልም፣ ሲስተር።»

«እሰይ! የሚናገር ሰውማ በዚህ ግቢ ሞልቷል።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ክፍሉ በር ላይ «የመጀመሪያ እርዳታ» ከሚለው በቀር ሌላ ጽሑፍ እንዳይለጠፍ ከለከሉ። የፀረ ሱስ ክበብ የሚል ሰሌዳ አሠርተው ያመጡላቸውን ምክትል ርዕሰ መምህር አመስግነው ተቀበሉና ሰሌዳውን ቁም ሣጥን ጀርባ አስቀመጡት። «ይህ ተንጠልጥሎ እያየ ማን ይገባል? እኔ ራሴ አልገባም» አሉ።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። ልጅ በር ላይ ሲያመነታ ቀና ብለው አያዩትም፤ ብርቱካን እየላጡ በኦሮምኛ «ኮቱ» ይላሉ፣ ና ማለታቸው ነው፤ ሲገባ ግማሹን ያቀብሉታል። ሁልጊዜ ከልጁ ዝቅ ባለ በርጩማ ይቀመጣሉ። ሲጃራ ታጨሳለህ ወይ ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «የዛሬዋ የመጀመሪያዋ የት ሆነች?» ብለው ነው። ልጁ ሳያስበው «ታክሲ ስጠብቅ» ይላል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ታክሲው ይሆናል፤ በየት መጣህ፣ ከማን ጋር ቆምክ፣ ሌላ ፌርማታ የለም ወይ። ለዘላለም ተው አይሉም። «የምትመጣዋን አንዷን ብቻ አሳልፋት» ይላሉ። አምሮቱ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስ እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉ ይሉ ነበር።

ለእጅና ለአፍ የመረጡት መፋቂያ ነበር። ግዢው የእኔ ሥራ ሆነ። ኮልፌ ገበያ ከሚሸጡት ሴቶች የወይራውን እየለየሁ እገዛለሁ፤ ወይራ መራራ ነው፣ ምራቅ ያመጣል። እርጥቡ ቶሎ ይላላል፤ በጣም የደረቀው ድድ ያደማል። ሲስተር በትንሽ ቢላዋ ይቆርጡትና ጫፉን ይልጡታል። መጀመሪያ እኔ የሲጃራ ውፍረት ያለውን መርጬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። «ወፈር ያለውን አምጪ። በሁለት ጣት መያዝ የማይመቸውን። አያያዙንም መርሳት አለባቸው» አሉኝ። ሌላ ማን ይህን ያስባል?

ይሠራ ነበር። ለሁሉም አይደለም፤ ግን ይሠራ ነበር። እኔ ከልጆቹ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ ቆሎ እንለቅማለን፣ ምንም አንነጋገርም። እኔ ስለምፈራቸው እነሱ አይፈሩኝም። አንዳንዶቹ «ዘኒ፣ ዛሬ ዝም ብለሽ አታናድጂኝ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ከሁሉም ቶሎ የለመደኝ ናሆም የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነበር። ጥፍሩን ትቶ መፋቂያውን ያዘ።

ከዚያ የሒሳብ መምህሩ ከክፍል አባረሩት። «እኔ ላስተምር ነው የቆምኩት፣ አንተ ጥርስህን ትፍቃለህ? አልጋህ ላይ ነህ እንዴ?» ብለዋል። ናሆም ወደ እኛ መጥቶ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«ሲስተር፣ ሳጨስ አንድ ቀን እንኳን ከክፍል ወጥቼ አላውቅም» አለ።

ሲስተር ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። በማግስቱ ምክትሉ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ መፋቂያ ይዞ መገኘት ክልክል መሆኑን አስነገሩ። ሲጃራ ክልክል መሆኑን በዚያ ድምፅ ማጉያ ሲያስነግሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲስተር ቢሯቸው ድረስ ሄደው ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ስምምነት ተገኘ፤ መፋቂያው አጭር ይሆናል፣ በክፍል ውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረፍት ብቻ ይወጣል። አጭር ስንቆርጠው ደግሞ የሲጃራ ቁመት ሆነ! ሲስተር ቢላዋውን አስቀምጠው ጣሪያውን አዩ። እንዲያውም የባሰው ገና ነበር።

ምክትሉ ሌላ ደንብ አወጡ። ወላጁ መጥቶ ያልፈቀደለት ልጅ ወደ ክፍላችን አይገባም። ለናሆም ይህ ማለት ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ነበር።

«አባቴ አየር ጤና ጋራዥ አለው» አለን። «ከትምህርት ቤት አንድ ስሞታ ከሰማሁ ደብተርህን ቀምቼ መፍቻ ነው የማስይዝህ ብሎ ምሏል።»

«በማን ነው የማለው?» አሉ ሲስተር።

«በሚካኤል።»

«እንግዲያው የምሩን ነው።»

ልጁ መሐንዲስ መሆን ይፈልግ ነበር። መፍቻ መያዝ ነውር ሆኖበት አይደለም፤ እሱ መኪና መጠገን ብቻ ሳይሆን መሥራት ነው የሚፈልገው። ሲስተር ምክትሉን ለምነው ደንቡ «ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ» እንዲባል አስደረጉ። በማግስቱ ናሆም አጎቱን ይዞ መጣ።

አጎትየው ጋሽ ድንቁ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻው የሰፋባቸው ቡናማ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። ምክትሉ ፊት ቆመው «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ቅጡት፣ ምከሩት፣ አጥንቱ የእኔ ሥጋው የእናንተ!» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ምክትሉ ራሳቸው ልባቸው ተነካ።

ምክትሉ ከናሆም ወዲህ ዘመድ መቀበሉን ለሲስተር ትተውላቸው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቤዛ የምትባል ልጅም አጎቷን አመጣች። ሻይና ቆሎ ይዤ ወደ ክፍላችን ስገባ ያንኑ ቡናማ ኮት አየሁ። ሌላ ልጅ ደግሞ አስከተለ፤ ያው ኮት። ለሲስተር ጆሮ ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ። ቆሎውን አቅርቢላቸው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ። «ጋሽ ድንቁ፣ ለመሆኑ ስንት ወንድም ነው ያለዎት?»

«ሲስተር፣ እናቴ የተባረከች ሴት ነበረች።»

«ወንድሞችዎ ይህን ያውቃሉ?»

«ኧረ ሲስተር! እነሱ ቢያውቁማ እኔ ምን ሥራ ነበረኝ?»

የአየር ጤና ታክሲ ተራ አስከባሪ ነበሩ። በሰፈሩ «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። የሻይ ይሰጣቸዋል፣ ኮታቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ ያለቅሱለታል። እኔ በጣም ተናደድኩ። በአፌ እርስዎ፣ በልቤ አንተ እያልኩ ቆሎውን አነሳሁባቸው። ጆሯቸው ላይ ደግሞ ምን ቢሰኩ ጥሩ ነው? ሲጃራ!

ሲስተር ግን አላባረሯቸውም። «አጎት ነኝ ብለዋል። አጎትነት በአፍ ብቻ አይሆንም» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሽ ድንቁ ሥራ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ተራው ላይ ጠብቀው ሱቅ በደረቴዎቹ ጋ ሳይቆሙ ታክሲ ውስጥ ማስገባት ሆነ። በነጋታው ልይ ብዬ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ጋጋታ መሀል «የወንድሜ ልጆች! የወንድሜ ልጆች ቅድሚያ! ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ፣ ግቡ!» እያሉ በዱላ ሰልፉን ይከፍላሉ። ተሰላፊው ያጉረመርማል፤ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። ሳቃቸው ሳያልቅ ታክሲው ይነሳል። የዚያች ቀን የታክሲ ጥበቃዋ ሲጃራ እንዲህ አለፈች። እሳቸው ራሳቸው ግን ልጆቹን ሸኝተው ሲያበቁ ከጆሯቸው አውርደው ይለኩሳሉ። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ» ይሉኛል። ምን ይባላል?

ናሆም አቆመ። አንዴ ፈተና ሲደርስ መልሶ አጭሶ ነበር፣ መጥቶ ራሱ ነገረን፣ ሲስተር ብርቱካን ላጡለት፣ ማቆሙን እንደገና ጀመረ። ከዚያ በኋላ «የዛሬዋስ?» ሲሉት «የለችም» ይላል። ጥቂት ልጆች ሌሎችም እንዲሁ። ያንን ጊዜ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ነው የኋላው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ጠዋት እንግዶች ከላይ ሊመጡ ነው ተባለ። ግቢው ታጠበ፣ ድንጋይ በኖራ ተቀባ። ሲስተር የዚያን ቀን ተራቸው ጤና ጣቢያ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው እንደተሰለፈ ምክትሉ ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ትምህርት ቤታችን በሱስ ላይ የተቀዳጀውን ድል ለክቡራን እንግዶቻችን እናሳያለን! ሲጃራ ያቆሙ አርአያ ተማሪዎቻችን ወደ ፊት ይውጡ!»

የወጣ የለም። ማን ይወጣል? ዩኒት ሊደሩ ወደ ሰልፉ ገቡ። በረፍት ወደ ክፍላችን ሲገቡ ያዩዋቸውን ልጆች አንድ በአንድ በትከሻቸው እየያዙ ያወጧቸው ጀመር። ደስ ብሏቸው ነው የሚያወጧቸው፤ የሚሸልሟቸው ነው የመሰላቸው። እውነትም የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ በፍሬም።

መጥረጊያዬን ጥዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ መድረኩ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አይጥሯቸው። እባክዎ አይጥሯቸው» አልኳቸው። ምክትሉ ጎንበስ ብለው «ምን? ውኃ? አዎ፣ ለእንግዶቹ ውኃ አምጪ» አሉኝ። ድምፄ ከእኔ አልፎ አልሄደም ነበር።

ናሆም ሲወጣ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ስሙ ከነአባቱ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ከአጥሩ ውጭ ሳይቀር ይሰማል። ተማሪው አጨበጨበ። ሱቅ በደረቴው ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበ።

የናሆም አባት አቶ ግርማ ይባላሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ጋራዣቸው ገብቶ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ሲጃራ አቆመ አሉ» አላቸው። አቶ ግርማ ልጃቸው መጀመሩን አያውቁም ነበር።

በማግስቱ መጡ። ሲስተርም ነበሩ፤ ምክትሉ ቢሮ ተሰበሰብን። ምክትሉ ገና ፈገግታቸው አልጠፋም።

«ወንድምዎ እኮ ሁሉንም ያውቃሉ፤ እዚሁ መጥተው አደራ ሰጥተውናል» አሏቸው።

«የማን ወንድም?»

«የእርስዎ ወንድም።»

«እኔ ወንድም የለኝም» አሉ አቶ ግርማ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «እናቴ እኔን ብቻ ነው የወለደችው።»

ሲስተር ለማስረዳት ሞከሩ። ልጁ ማቆሙን፣ ብርታቱን፣ ሁሉንም ነገሯቸው። እሳቸው ግን አጨሰ ከሚለው ይልቅ ዋሸኝ የሚለው ነው ያቃጠላቸው። አባት እያለው አጎት ተከራየ! ናሆምን ከክፍል አስጠርተው በዩኒፎርሙ ይዘውት ወጡ። የምስክር ወረቀቱ ዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ሲስተር ያን ዕለት ብርቱካን አልላጡም። «እኛ አልጣልነውም፤ ሸልመን ነው የገደልነው» አሉ።

ነገሩ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ሽማግሌ እንላክ ተባለ። ሽማግሌ ማን ይሁን? ጋሽ ድንቁ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እኔ «እኚህ? ነገሩን ያበላሹት እኮ እሳቸው ናቸው!» አልኩ፤ ያው በልቤ ነው። ሲስተር፣ ጋሽ ድንቁና እኔ ሆነን ጋራዡ ሄድን። እንደ ሽማግሌ ደንብ በር ላይ ቆምን። አቶ ግርማ ወንበር አመጡ።

«ነገራችንን ካልሰሙን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ድንቁ።

«እንግዲያው ቁሙ» አሉ አቶ ግርማና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቆምን። ሲስተር እግራቸውን ያማቸዋል፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያረፉ ቆሙ። ደንበኛ ይመጣል፣ ያየናል፣ ግራ ይገባዋል። በመጨረሻ አቶ ግርማ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

«መጀመሪያ ያንን ከጆሮዎ ላይ ያውርዱ» አሏቸው ጋሽ ድንቁን። «ግድግዳው ላይ ያለውን አላነበቡም? ማጨስ ክልክል ነው። እዚህ ቤንዚን ነው ያለው። እኔ ጋ የሚያጨስ ሠራተኛ የለም። ልጄ ማጨስ የተማረው የት ነው? እናንተ ጋ፣ ሽንት ቤታችሁ ጀርባ! አሁን መልሼ ላምጣላችሁ?»

ጋሽ ድንቁ ሲጃራቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። አባትየው ያሉት እውነት ነው። ከዚያ ናሆም ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጣ። ፊቱ በግራሶ ተለውሷል፤ በጥርሱ መፋቂያ ነክሷል።

«የዛሬዋስ?» አሉት ሲስተር።

«የለችም፣ ሲስተር።» ከዚያ ወደ አባቱ አየና ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

ስንመለስ ሲስተር መንገድ ላይ ቆሙ። «ሲጃራውን ትቷል፤ ትምህርቱንም ትቷል። ይህንን በየትኛው ሪፖርት ልጻፈው?» አሉኝ። ጋሽ ድንቁ ሲጃራቸውን ወደ ጆሯቸው መልሰው፣ «እኔ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣሁ እቆማለሁ። ወንድም የለኝም አይደል ያለው? አሁን አለው» አሉ። አላመንኳቸውም። ስንቱን አምኜ እዘልቀዋለሁ?

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ወደ ክፍላችን መምጣት ተዉ። አልፈርድባቸውም። ሲስተርንና እኔን ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሩን። እዚያ ርዕሰ መምህርቷ በደህና ተቀበሉንና «እኛ ጋ የሚያጨስ ተማሪ የለም» አሉን። ይህን ሲሉ እኔ የማየው በራቸው ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ ነበር፤ አፈሩ ላይ የተተከለው አበባ ብቻ ሳይሆን የሲጃራ ቁራጭም ነበር። ያም ሆኖ ሲስተር በርጩማቸውን አስቀመጡ፣ ብርቱካናቸውን ላጡ፣ ከሁሉ በፊት ግን ርዕሰ መምህርቷን አንድም ስም በድምፅ ማጉያ እንዳይጠራ አስማሏቸው። ጥቂት ልጆች መጡ። ሥራው መልክ ሊይዝ ሲል በጤና ጣቢያው በኩል ይደግፈን የነበረው ፕሮጀክት አለቀ ተባለ። የመዝጊያ ስብሰባ በሆቴል ተደረገ፤ ስለ ስኬቱ ተነገረ፤ ውሎ አበል ላላቸው ተከፈለ። ሲስተር ጡረታ ወጡ። ሲለዩኝ መፋቂያ የሚቆርጡባትን ትንሽ ቢላዋ ሰጡኝ። አሁን ክር እቆርጥባታለሁ።

የአክስቴ ጎረቤት ስፌት አስተማረችኝና እዚህ ገባሁ። ጨርቅ ደህና ነው። ልክ ወስደህ ስትሰፋው በልኩ ይሆናል፤ በነጋታው ሄዶ ሲጃራ አይገዛም።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ግርግሩ በዝቶ ሳለ አቶ ግርማ በሩን ሞልተው ገቡ። በእጃቸው ያረጀ የተማሪ ሸሚዝ ይዘዋል። ለአሠሪዬ ዘርግተው አሳዩአትና፣

«በዚህ ልክ፣ ግን እጅጌው ረዘም ይበል። አድጓል» አሉ።

እጅጌው ላይ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት የናሆም ሸሚዝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ያቺ ጋራዥ መጥታ የቆመችው ልጅ አይደለሽም?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ያ ሰውዬ በየእሁዱ መጥቶ እየቆመ አንገቴን አስደፋኝ። ደንበኛው ሁሉ ምን በድለሃቸው ነው ይለኛል። ዝናብ ሲዘንብ እንኳን ጣሪያ ሥር አልገባም ይላል። በቃ፣ ግባ ተቀመጥ፣ ልጁ መስከረም ላይ ይመለስ አልኩት።» የሸሚዙን ኮሌታ አቃኑ። «አሁን ጆሮው ላይ መፋቂያ ሰክቶ ነው የሚመጣው። ኮቱ ግን ያው ሲጃራ ሲጃራ ይላል።»

አሠሪዬ ልኩን ጻፈች። አቶ ግርማ ሊወጡ ብለው ተመለሱ።

«አንድ ነገር። ኪስ አይኑረው።»

«ምንም?» አለች አሠሪዬ።

«ምንም። የደረትም የውስጥም። ቆሻሻ ነው የሚይዝበት።»

አሠሪዬ ደንበኛ ያለውን ነው የምታደርገው፤ «እሺ» አለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ልጆች፣ እናቶች፣ በስፌት መኪና የሚሠሩት ሁለቱ ባልደረቦቼ፣ ሁሉም ይሰማሉ።

«አይሆንም» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አቶ ግርማም ዞሩ።

«ምን አልሽ?»

«ኪስ ያስፈልገዋል» አልኩ። በዚህ ጊዜ ድምፄ ተሰማ። «ክፍል ውስጥ መፋቂያ በአፍ መያዝ ክልክል ነው። ኪስ ከሌለው የት ያስቀምጠዋል? መፋቂያውን አጥቶ ረፍት ሲደወል ምን ያድርግ?»

አቶ ግርማ ሸሚዙን ከአሠሪዬ እጅ ወሰዱ። እጃቸው ላይ የማይለቅ ግራሶ አለ፤ በዚያ እጅ ሸሚዙን አገላብጠው ደረቱን ዳሰሱ።

«አንድ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ብቻ። እሱም ጠባብ።»

ከወጡ በኋላ ጨርቁን ለክቼ ሰፋሁ፤ ክሩን በሲስተር ቢላዋ ቆረጥኩ። የሰፋሁት ኪስ ረጅምና ቀጭን ነው። ፓኬት አይገባበትም፤ ሁለት ጣትም አይገባበትም። ወፈር ያለ የወይራ መፋቂያ ልኩ ነው።